ኮምፒውተሩ ይደር ወይስ ይጥፋ?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

 

የዛሬውን ርዕስ የሰጡኝ አንዲት እናት ናቸው። ባለፈው ሰሞን ኮምቦልቻ ወርጄ ቤታቸው ቡና ተጠርቼ ነበር። አቦሉን ጠጥተን ቶናው ሲቀዳ፣ "አንተ የኮምፒውተር ሰው ነህ፤ እስቲ በእኔና በዚህ ልጅ መካከል ፍረድ" አሉኝ። ልጃቸው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ ነው። ማታ ሲተኛ ኮምፒውተሩን አያጠፋውም። "ሌሊቱን ሙሉ ሲያጉረመርም ያድራል። በሬ እንኳ ሲመሽ ከቀንበር ይፈታል፤ ይኼ ዕቃ መቼ ነው የሚያርፈው?" አሉ። ልጁ አልተዋጠለትም። "እማዬ፣ ዕቃውን የሚጎዳው ማጥፋትና ማብራቱ ነው። አንዴ ከሞቀ እንደሞቀ ቢቆይ ይሻለዋል" አለ።

ይህ ክርክር የእነሱ ቤት ብቻ አይደለም። ደሴ ላይ ኮምፒውተር ለጥገና የሚያመጣልኝ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ቀን ይጠይቀኛል፤ ይደር ወይስ ይጥፋ? እኔም ለብዙ ጊዜ በአጭሩ "አጥፉት" እያልኩ ስመልስ ኖሬያለሁ። ለምን እንደሆነ ቁጭ ብዬ ማስረዳት ግን ነበረብኝ። የልጁም ሐሳብ ቢሆን ከሜዳ የተነሣ አይደለም።

እንዲያውም ከልጁ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1946 ኤኒያክ የተባለው ግዙፉ የአሜሪካ ኮምፒውተር ይፋ ሲሆን በሆዱ ውስጥ 18 ሺህ ገደማ ቫኪዩም ቱቦዎች ነበሩት። የድሮ ሬዲዮን ጀርባ ገልጦ ያየ ሰው ያውቃቸዋል፤ እንደ አምፖል ቀላ ብለው የሚበሩት የመስታወት ቱቦዎች ናቸው። አብዛኞቹ የሚቃጠሉት ማሽኑ ሲበራና ሲጠፋ፣ ማለትም ሲሞቁና ሲቀዘቅዙ ነበር። ከአንዱ ቱቦ መቃጠል የተነሣ ስሌቱ በሙሉ ይበላሻል። ስለዚህ ሠራተኞቹ ጨርሶ አለማጥፋቱን መረጡ። ማሽኑ ሜሪላንድ ውስጥ ወደምትገኘው አበርዲን ከተዛወረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጁላይ 1947 ተከፍቶ እስከ ኦክቶበር 1955 ድረስ ሥራ ላይ ቆየ። የልጁ ክርክር እንግዲህ ዕድሜው ከ70 ዓመት በላይ ነው። በጊዜው ትክክል ነበር፤ በቃልም ሲወርድ ሲዋረድ እዚህ ደርሷል።

ዛሬ ቱቦዎቹ የሉም። ነገር ግን ከልጁ ሐሳብ ውስጥ የቀረ እውነት አለ። ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። በማዘርቦርዱ ላይ ያሉት ጥቃቅን ብየዳዎችም እንዲሁ ናቸው። ሽቦን በእጃችን ወዲያና ወዲህ ደጋግመን ስናጥፈው በመጨረሻ እንደሚበጠስ ሁሉ፣ ብየዳም ከብዙ መሞቅና መቀዝቀዝ በኋላ ሊሰነጠቅ ይችላል። ሃርድ ዲስክም ከቆመበት ተነሥቶ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ወደ መሽከርከር ሲገባ የሚደክመው ያን ጊዜ ነው።

ጥያቄው መጠኑ ነው። ብዙ ሃርድ ዲስኮች ቢያንስ 50 ሺህ ጊዜ ተነሥተው እንዲቆሙ ታስበው የተሠሩ ናቸው። በቀን ሦስት ጊዜ ብናበራና ብናጠፋ 50 ሺህ ለመሙላት 45 ዓመት ይፈጅብናል። ቤት ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ያን ያህል ዕድሜ የለውም። ጠዋት አብርቶ ማታ ማጥፋት ኮምፒውተርን አይጎዳም፤ ይህን በሙሉ ልብ እናገራለሁ። በአንድ ሰዓት ውስጥ አሥር ጊዜ ማብራትና ማጥፋት ግን ሌላ ነገር ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ እናትየው። "ዕቃ ማረፍ አለበት" ሲሉ ልክ ናቸው ወይ? ኮምፒውተር እንደ በሬ አይደክምም። ያም ሆኖ በሰዓት የሚቆጠር ዕድሜ ያላቸው ክፍሎች አሉት። አንደኛው ፋኑ ነው፤ ቅባቱ እየደረቀ ሲሄድ መጮህ ይጀምራል። ሌላው፣ ኮረንቲውን ከሶኬት በሚቀበለው ፓወር ሰፕላይና በማዘርቦርዱ ላይ እንደ ትንንሽ በርሜል የቆሙት፣ እኛ ጠጋኞች ኮንደንሰር የምንላቸው ናቸው። ውስጣቸው ፈሳሽ አለ፤ በሙቀት ቀስ በቀስ ይተንናል። ራሳቸው አብጠው ያየናቸው ጊዜ አበቃላቸው ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ስሌት አለ፤ ቀስ ብዬ ልናገረው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር የኮንደንሰሩ ዕድሜ በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። በ105 ዲግሪ 2,000 ሰዓት ይሠራል ተብሎ የተጻፈበት ኮንደንሰር፣ በ95 ዲግሪ 4,000፣ በ85 ዲግሪ 8,000፣ በ75 ዲግሪ 16,000፣ በ65 ዲግሪ 32,000 ሰዓት ይደርሳል። 32,000 ሰዓት ያለ ዕረፍት ሲቆጠር ሦስት ዓመት ከስምንት ወር ነው። ያው ኮምፒውተር በቀን 8 ሰዓት ብቻ ቢሠራ ግን ወደ 11 ዓመት ይጠጋል። ሙቀቱን በሌላ 10 ዲግሪ ብናወርድለት ደግሞ ሌት ተቀን እየሠራም ከሰባት ዓመት በላይ ይቆያል። ከዚህ ስሌት የምወስደው፣ ኮንደንሰሩን የሚበላው ሰዓቱ ከሙቀቱ ጋር ሲደመር መሆኑን ነው። ቀዝቀዝ ብሎ የሚያድር ማሽን ታፍኖ ቀን ብቻ ከሚሠራ ማሽን ሊበልጥ ይችላል።

ስለ ሃርድ ዲስክም ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2007 የጎግል ተመራማሪዎች ከ100 ሺህ በላይ ሃርድ ዲስኮችን ተከታትለው ውጤቱን አሳትመው ነበር። ብዙ የሠራው ቶሎ ይሞታል፣ ሞቅ ያለው ቶሎ ይሞታል የሚለው ግምት እንደተባለው ጠንካራ ሆኖ አላገኙትም። መሥራት ብቻውን ዲስክን አይገድልም ማለት ነው። አዲሶቹ ኤስኤስዲዎች ደግሞ የሚሽከረከር ነገር የላቸውም፤ እነሱን የሚያደክማቸው የሚጻፍባቸው የዳታ ብዛት ነው። ሌሊቱን ያለ ሥራ ተከፍቶ ቢያድር በኤስኤስዲ ላይ የሚያመጣው ጉዳት እዚህ ግባ አይባልም።

(አጭር ሙዚቃ)

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለየትኛውም አገር ይሠራል። አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። የሐረጎን መንገድ ተጠማዝዘን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ስንወርድ ኮምቦልቻን 1,850 ሜትር አካባቢ እናገኛታለን። ይህ የከፍታ ልዩነት ለኮምፒውተርም ትርጉም አለው። ደሴ ላይ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ፋን ደግሞ የሚያቀዘቅዘው አየር እየገፋ ስለሆነ፣ የሚገፋው አየር ሲሳሳ የሚያወጣው ሙቀትም ያንሳል። አንዳንድ የሰርቨር አምራቾች ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ፣ ማሽኑ ሊሠራበት ከሚችለው ከፍተኛ የክፍል ሙቀት ላይ 1 ዲግሪ ቀንሱ ይላሉ። በዚህ ሒሳብ ደሴ ላይ 5 ዲግሪ፣ ኮምቦልቻ ላይ 3 ዲግሪ ያህል ይቀነሳል። ደስ የሚለው፣ የደሴ ብርድ ራሱ የሳሳውን አየር ያካክስልናል። ጉም ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማዋን ሲሸፍናት በሙቀት የሚጨነቅ ኮምፒውተር የለም። ኮምቦልቻ ግን አየሩም የሳሳ ነው፣ ቀኑም ይሞቃል። የእናትየው ቤት ኮምቦልቻ መሆኑን አትርሱብኝ።

ቡናው መካከል ተነሥቼ ማሽኑን ላየው ጠየቅሁ። ጥግ ላይ፣ ጀርባው ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ቆሟል። ላዩ ላይ እናትየው በእጃቸው የሠሩት ያማረ ዳንቴል ጣል ተደርጎበታል፤ ጫፉም የጎኑን ቀዳዳዎች ሸፍኗል። እጄን ከኋላ ሳስገባ የሚወጣው አየር ከለብታ ይልቅ ለቃጠሎ የቀረበ ነው። ከፈትነው። ፋኑ ላይ ያለው አቧራ የደረቀ አቧራ አልነበረም፤ እጅ ላይ የሚጣበቅ፣ የዕጣን ሽታ ያለው ነገር ነው። አድማጮች፣ ይህን ልብ በሉልኝ። በየቀኑ ቡና በሚፈላበት፣ ዕጣን በሚጨስበት ቤት ውስጥ የጭሱ ሙጫ ከአቧራው ጋር ተጣብቆ እንደ ሲሚንቶ ይይዛል። ተከፍቶ የሚያድር ፋን ደግሞ ሌሊቱን ሁሉ የቤቱን አቧራ ወደ ውስጥ እየሳበ ያድራል። ዕጣኑ ይቅር አልልም፤ እንዴት ብዬ! ማሽኑ ግን ከረከቦቱ ራቅ ይበል፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይፈቀቅ፣ ዳንቴሉም ማሽኑ ሲጠፋ ይልበስ፣ ሲበራ ይውለቅ። በየሦስትና አራት ወሩ ከሶኬት ነቅላችሁ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት፤ አየር ስትነፉበት ፋኑን በጣት ያዙት፣ በነፋስ ሲሽከረከር እንዳይበላሽ።

ሙቀቱና አቧራው በዓመታት የሚታዩ ጉዳቶች ናቸው። እኔ ዘንድ ከሚመጡት ማሽኖች ብዙዎቹን የጣላቸው ግን በሰከንድ የሚሆን ነገር ነው፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ።

መብራት ሲሄድ ብዙ ጊዜ አንዴ ሄዶ አይቀርም። ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይመጣል፣ ይጠፋል። በፓወር ሰፕላዩ ውስጥ የሚሆነውን ላስረዳ። መጀመሪያ ስናበራው ትልልቆቹ ኮንደንሰሮች ባዶ ናቸው፤ እንደ ጠማው ሰው ኮረንቲውን በአንድ ትንፋሽ ሊጨልጡት ይፈልጋሉ። ይህን የሚገታ አንዲት ትንሽ ክፍል አለች። ስትቀዘቅዝ ኮረንቲውን ትይዛለች፣ ስትሞቅ ትለቃለች። ቀዝቅዞ የቆየ ማሽን ሲበራ ሥራዋን በደንብ ትሠራለች። መብራት በሁለት ሰከንድ ውስጥ ሄዶ ሲመጣ ግን ገና አልቀዘቀዘችም፤ በሩን ክፍት አድርጋ ነው የምትጠብቀው። ኮንደንሰሮቹ ደግሞ ጎድለዋል። ያን ጊዜ የሚገባው ኮረንቲ ፊውዙንም ሌላውንም ሊያቃጥል ይችላል። መብራት ሲመለስ ቮልቱ ከ220 በላይ ሊዘልም ይችላል። የሰፈሩ ፍሪጅ፣ ምጣድና ሞተር ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲነሣ ደግሞ ይወርዳል። ልጁ የሚፈራው ማብራትና ማጥፋት ይኸውላችሁ! ሌሊት ክፍት የተተወ ኮምፒውተር ከዚህ የሚድን መስሎት ነበር፤ ለዚሁ ነው ያጋለጠው። ሰው ተኝቶ ሳለ ማሽኑ ብቻውን አምስት ጊዜ ሊጠፋ፣ አምስት ጊዜ ሊበራ ይችላል።

ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። አንድ ክረምት የአንድ ቤተሰብ የሠርግ ፎቶዎችን ከአሮጌ ዲስክ ወደ አዲስ ለመገልበጥ ማሽኔን ከፍቼ ተኛሁ። ሌሊት ነጎድጓድ ነበር። ጠዋት ስገባ ክፍሉ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ፓወር ሰፕላዩ ነዷል፤ አሮጌው ዲስክም ከዚያ በኋላ አልተነሣም። ከ400 በላይ ፎቶዎች ነበሩበት፤ ያዳንኩት ግማሹን ያህል ነው። ለባለቤቶቹ የነገርኳቸውን ቀን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ፓወር ሰፕላይ ይገዛል፤ ያ ፎቶ ግን ከየት ይገዛል?

ፋይልም የሚበላሸው እንዲሁ ነው። ኮምፒውተሩ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ሲመስለን እንኳ ውስጥ ውስጡን ይጽፋል፤ ማሻሻያ ያወርዳል፣ ማስታወሻ ይይዛል። በመጻፍ ላይ ሳለ መብራት ከሄደ ግማሽ የተጻፈ ነገር ይቀራል። "ትናንት ደህና ነበር፤ ዛሬ ዊንዶውስ አልነሣም አለ" እየተባለ ወደ እኔ የሚመጣው ብዙው ይህ ነው።

ታዲያ ባንኩና ዩኒቨርሲቲው ሰርቨሮቻቸውን ሌት ተቀን የሚከፍቱት እንዴት ነው? እነሱ ጄኔሬተር፣ ትልልቅ ባትሪ፣ የሚቀዘቅዝ ክፍልና የሚጠብቅ ባለሙያ አላቸው። መብራት የማይቆራረጥበት አገር ያለ ሰው "ክፍት ቢያድር ምንም አይሆንም" ሲል እውነቱን ነው። ያ ምክር ግን የተነገረው ለእሱ ቤት ሶኬት ነው። እዚህ፣ ዩፒኤስ የሚባለው መጠባበቂያ ባትሪ ለሌለው ዴስክቶፕ፣ የእኔ ፍርድ ግልጽ ነው፤ ማታ ይጥፋ፣ ስፒናውም ይነቀል።

ልጁ ማጥፋት የሚጠላበት እውነተኛ ምክንያት ሌላ እንደሆነ በኋላ ነገረኝ። የመመረቂያ ሥራው ላይ አሥር ፋይል፣ ሃያ ገጽ ከፍቶ ነው የሚተኛው፤ ጠዋት ሁሉንም እንደ አዲስ መክፈት ይሰለቸዋል። ለዚህ መላ አለው። ስሊፕ የሚባለው ሥራውን በሜሞሪ ላይ ይዞ ያንቀላፋል፤ ጥቂት ኮረንቲ ይፈልጋል፤ መብራት ከሄደ ሳይቀመጥ የቀረው ሥራ ሊጠፋ ይችላል። ሃይበርኔት የሚባለው ግን የተከፈተውን ሁሉ ዲስክ ላይ ጽፎ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ስፒናውን ብትነቅሉት፣ ለሳምንት መብራት ባይኖር፣ ስታበሩት ካቆማችሁበት መስመር ላይ ይነሣል። ዊንዶውስ ላይ ብዙ ጊዜ ተደብቆ ነው የሚመጣው። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ፓወር ኦፕሽንስ የሚለውን ግቡና የማብሪያው ቁልፍ ምን ይሥራ የሚለውን ክፈቱ፤ እዚያ ሃይበርኔትን ምልክት አድርጉበት። ለደሴና ለኮምቦልቻ የተሠራ ነው የሚመስለኝ። በሳምንት አንድ ቀን ግን ሪስታርት አድርጉት፤ ለብዙ ቀን ያልተነሣ ዊንዶውስ ይንቀረፈፋል።

ቀን እየሠራችሁ መብራት ቢሄድስ? ወዲያው ከሶኬቱ ንቀሉት። ሲመጣ አትቸኩሉ፤ አምፖሉ ሳይብለጨለጭ አምስት፣ አሥር ደቂቃ ሲቆይ አይታችሁ ሰኩ። አንዳንድ ማሽን መብራት ሲመጣ በራሱ እንዲነሣ ተደርጎ የተስተካከለ ነው፤ ይህን ጠጋኛችሁ በባዮስ ውስጥ እንዲያጠፋላችሁ ጠይቁት። ቀይ መብራት ያለው ዲቫይደር ብዙ ሰው መከላከያ ይመስለዋል፤ አብዛኛው ግን ሶኬት ከማብዛት ሌላ ሥራ የለውም። ስታቢላይዘር የሚወጣና የሚወርድ ቮልትን ያስተካክላል፣ መብራት ሲሄድ ግን አብሮ ይሄዳል። ዩፒኤስ ደግሞ ፋይላችሁን አስቀምጣችሁ የምታጠፉበትን ጥቂት ደቂቃ ይሰጣችኋል። ሌሊት ብቻውን ትታችሁት ከተኛችሁ ባትሪውን አሟጦ ራሱ ይጠፋል፤ እንዲህ እየተሟጠጠ ያ ባትሪ ዓመት ላይሞላው ይችላል። ላፕቶፕ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው፤ ባትሪው ራሱ ዩፒኤስ ነው። ብቻ ሁልጊዜ 100 ላይ ተሰክቶ፣ አልጋ ልብስ ላይ ታፍኖ አይደር፤ ባትሪው ሊያብጥ ይችላል። ብዙ ላፕቶፖች 80 ላይ ሙሌቱን የሚያቆም ማስተካከያ አላቸው።

ከአሜሪካ ዘመድ ያመጣላችሁ ዴስክቶፕ ካለ ደግሞ፣ ከመሰካታችሁ በፊት የጀርባውን ትንሽ ቀይ ማዞሪያ እዩ። 115 ላይ ከሆነ ወደ 230 ሳታዞሩ አታብሩት፤ ድው ብሎ ነው የሚሄደው።

ክረምት ላይ፣ ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ ጦሳ ላይ ሲያጉረመርም፣ ማጥፋት ብቻ አይበቃም። መብረቅ በመስመሩ ላይ ሲመጣ የማጥፊያው ቁልፍ አያቆመውም፤ የሚያድነው ከግድግዳው የተነቀለ ስፒና ነው። ኢንተርኔቱ በስልክ መስመር የሚገባላችሁ ከሆነ እሱንም ንቀሉ፤ በዚያ በኩል ገብቶ ያቃጠለው ማዘርቦርድ አይቻለሁ።

ስለ ቆጣሪውም ጥቂት ልበል። ሥራ ፈትቶ የተከፈተ ዴስክቶፕ 60 ዋት ቢወስድ፣ በ24 ሰዓት 1.44 ኪሎዋት ሰዓት፣ በ30 ቀን ደግሞ 43 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን ነው፤ ዝቅተኛው ዋጋ ለመጀመሪያው 50 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ማንም ያልተጠቀመበት ማሽን ይህን ሊጨርሰው ምን ቀረው?

ወደ ኮምቦልቻው ቤት ልመለስ። ማሽኑን ጠርገን፣ ከግድግዳው አራቅነው። ዳንቴሉን እናትየው አጥፈው ጎኑ አስቀመጡት። ድምፁ ወዲያው ቀነሰ፤ ከኋላው የሚወጣው አየርም ለብ ያለ ሆነ። "እና ማን ረታ?" አሉ። "እትዬ፣ እሱ ስለ ማብራትና ማጥፋት ያለው ውሸት አይደለም፤ ግን የሚያበራና የሚያጠፋው መብራቱ ነው፣ እርስዎ አይደሉም" አልኳቸው። በረካው እስኪቀዳ ልጁ ሃይበርኔቱን አገኘው። ስፒናውን የመንቀሉን ሥራ ግን እሳቸው ወሰዱት። "ማታ በሩን የምቀረቅረው እኔ ነኝ፤ ይኼንንም በዚያው ነቅዬው እተኛለሁ" አሉ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)